የታርኮቭስኪ ፊልሞች ቁልፍ አላቸው? ከየትኛውስ ልጀምር?

ጥያቄ፦ «ስለ ሶቪየቱ ዳይሬክተር ስለ አንድሬይ ታርኮቭስኪ ብዙ ሲነገር ሰምቼ ‹ስታልከር›ን ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳልጨርሰው ቀረሁ። ወዳጆቼ እንደሚሉት ሳንሱሩን ለማምለጥ ሲል ሁሉን ነገር በምልክት ስለሸፈነው፣ ቁልፉን ያላወቀ ሰው አይገባውም። ውሃው፣ ውሻው፣ ፈረሱ ምን ማለት እንደሆኑ ቢያስረዱኝ። መንግሥት ፊልሞቹን ስላገደበት ተሰደደ፣ በኋላም ኬጂቢ አስገደለው የሚባለውስ እውነት ነው? ከየትኛው ፊልም ብጀምር ይሻላል?»

ምላሽ፦ ቁልፍ የለም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ታርኮቭስኪን ለማየት ሞክረው የሚያቋርጡ ብዙ ሰዎች የሚደክሙት በዝግታው ብቻ ሳይሆን ፊልሙን እንደ እንቆቅልሽ ለመፍታት ስለሚታገሉ ጭምር ነው። ውሻው ብቅ ባለ ቁጥር «ይህ ምንን ይወክላል?» እያለ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው ፊልሙን ሳይሆን የራሱን ጥያቄ ሲያይ ይቆያል። ታርኮቭስኪ ስለ ሙያው በጻፈው መጽሐፍ፣ በ«ስታልከር» ሦስት ሰዎች የሚጓዙበት፣ ዞን የተባለው የተከለለ ስፍራ የምን ምሳሌ ነው እያሉ ለሚጠይቁት ሰዎች የሰጠው መልስ የማያሻማ ነው፤ ዞኑ ምንንም አይወክልም፣ ዞን ዞን ነው፣ ሕይወት ነው ብሏል። ስለ ዝናቡ ሲጠየቅም ያደገበት አገር ዝናቡ የማያባራ መሆኑን ከመናገር በላይ አልሄደም። አንዳንዶች ይህን የኪነ ጥበብ ሰው ትሕትና ወይም መደበቂያ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ መቀበል ይገባል እላለሁ፤ የምስሎቹ ምንጭ ከሕይወት ታሪኩ ሲታይ የሚደግፈው ይህንኑ ነውና።

ታርኮቭስኪ የተወለደው በ1932 በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ዛቭራዢዬ በምትባል መንደር ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ አርሴኒ ታርኮቭስኪ ገጣሚ ነበር፤ የራሱ የግጥም መድበል እስኪታተምለት ድረስ ለብዙ ዓመታት የሌሎች ሕዝቦችን ግጥም ወደ ሩሲያኛ እየመለሰ ኖሯል። ልጁ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባትየው ቤተ ሰቡን ትቶ ወጣ፤ ከጦርነቱም አንድ እግሩን አጥቶ ተመለሰ። እናቱ ማሪያ ቪሽንያኮቫ በሞስኮ ማተሚያ ቤት በአራሚነት እየሠራች አንድሬይንና እኅቱን ለብቻዋ አሳደገች። ወጣቱ አረብኛ መማር ጀምሮ አቋረጠ፤ ከማዕድን አሳሾች ጋር ወደ ሳይቤሪያ ሄዶም በታይጋው ጫካ በእግሩ ሲዞር ከረመ፤ ከዚያ በ1954 በሞስኮው የመንግሥት የሲኒማ ተቋም፣ በዳይሬክተሩ በሚኻይል ሮም ክፍል ገባ። በፊልሞቹ ደጋግመው የሚመጡት የእንጨት ቤት፣ የጉድጓድ ውሃ፣ የረጠበ ሣርና አጥር ላይ ተቀምጣ መንገድ የምታይ ሴት የዚህ የልጅነት ቅሪቶች ናቸው። ለባለ ሥልጣን እንዳይገባ የተሰወሩ ቃላት አይደሉም።

ለዚህ ከ«መስታወት» አሠራር የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ታርኮቭስኪ ለዚህ ፊልም የልጅነቱን የገጠር ቤት በድሮ ፎቶግራፎች እየተመራ፣ በቀድሞው መሠረት ላይ አስገነባው። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው እርሻ በልጅነት ትዝታው ውስጥ ሩሲያውያን ግሬቺኻ የሚሉት እህል የሚበቅልበት፣ ሲያብብም በረዶ የወረደበት የሚመስል ማሳ ነበር። ቀረጻው ሲደርስ ግን የአካባቢው የኅብረት እርሻ የሚያመርተው የከብት መኖና አጃ ነው፤ ገበሬዎቹም ያ እህል በዚህ አፈር አይበቅልም ብለው አረጋገጡለት። የፊልሙ ቡድን መሬቱን ተከራይቶ ዘራበት፤ እህሉም በቅሎ በሚያምር ሁኔታ አበበ። እናቱን ወደዚያ ቤት ወስዶ አሳያት፤ በፊልሙም ውስጥ በእርጅናዋ ራሷ ትታያለች፤ አባቱ አርሴኒ ደግሞ የራሱን ግጥሞች በገዛ ድምፁ ያነባል። በዚያው ፊልም እናትየዋ በወጣትነቷ በዝናብ እየሮጠች ወደ ማተሚያ ቤቱ የምትገባበት ክፍል አለ፤ በስታሊን ዘመን በአንድ እትም ላይ አስከፊ የፊደል ስሕተት አሳልፌያለሁ ብላ ደንግጣ ነው። ስሕተቱ ምን እንደነበር ተመልካች አይነገረውም። የዚያ ዘመን ፍርሃት በአንዲት አራሚ ትንፋሽ ውስጥ እንዲህ ሲታይ ምን ዓይነት የምልክት መፍቻ ይጨምርበታል? ይህ ሁሉ የተዋጣው ግን በቀላሉ አይደለም፤ ታርኮቭስኪ እንደተረከው ፊልሙ ሃያና ከዚያ በላይ በሆነ መንገድ ተቀናብሮ፣ የትዕይንቶቹ ቅደም ተከተል እየተለዋወጠ ሳይያያዝ ቆይቶ ነው በመጨረሻ የቆመው።

አሁን ወደ ዝግታው ልምጣ። በሶቪየት ሲኒማ ታሪክ ከሁሉ የታወቀው የሰርጌይ አይዘንስታይን ትምህርት፣ የፊልም ትርጉም የሚወለደው ሁለት ቁርጥራጭ ምስሎች ሲጋጩ ነው የሚል ነበር፤ የ1925ቱ «የጦር መርከብ ፖቴምኪን» በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሾቶች፣ ማለትም ሳይቆረጡ የሚታዩ ነጠላ ምስሎች፣ አሉት። ታርኮቭስኪ ይህን በይፋ ተቃወመ። በእርሱ እምነት የሲኒማ ጥሬ ዕቃ ጊዜ ነው፤ የዳይሬክተሩም ሥራ በእያንዳንዱ ሾት ውስጥ የሚፈሰውን ጊዜ መያዝና ከሌላው ሾት ፍሰት ጋር ማስማማት ነው። «መስታወት» ወደ 200 የሚጠጉ ሾቶች ብቻ ያሉት ለዚህ ነው፤ በ«ስታልከር» ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም አንሶ 140 ገደማ ይደርሳል።

እርስዎ ምናልባት ያቋረጡበት ቦታ ይህንኑ በደንብ ያሳያል። ሦስቱ ሰዎች በሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ተሽከርካሪ ወደ ዞኑ ሲገቡ ካሜራው ለደቂቃዎች ከፊታቸውና ከማጅራታቸው አይርቅም። መጀመሪያ የሚሰማው የብረት ጎማው ቀጭ ቀጭታ ነው፤ ቀስ በቀስ የአቀናባሪው የኤድዋርድ አርቴምዬቭ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ከጎማው ምት ጋር እየተዋሐደ፣ ጆሮ ሳያስተውል የሐዲዱ ድምፅ ሌላ ነገር ይሆናል። ከዚያ ቡናማው ምስል በድንገት ወደ ቀለም ይቀየራል፤ አረንጓዴ መስክ፣ ጭጋግ፣ ጸጥታ። ተመልካቹ ድንበር የተሻገረው ታሪኩ ስለነገረው አይደለም፤ በጆሮውና በትዕግሥቱ ራሱ ተሻግሮ ነው። ይህን ክፍል አሳጥሮ ወይም ፍጥነት ጨምሮ ማየት ያንን መሻገር ማጥፋት ስለሆነ፣ ፊልሙን በፍጥነት ከማየት ይልቅ ባያዩት ይሻላል ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

መንግሥት አገደው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹም ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው። ታርኮቭስኪ በአገሩ የሠራቸው አምስቱም ረጅም ፊልሞች በመንግሥት ገንዘብ፣ ሞስፊልም በተባለው የመንግሥት ስቱዲዮ የተሠሩ ናቸው። የግል ባለሀብት፣ የትኬት ገቢ የሚጠብቅ አበዳሪ አልነበረም፤ ስለዚህም በሌላ አገር ማንም የማይከፍልባቸውን ፊልሞች መሥራት ችሏል። «ስታልከር» ለዚህ ምሳሌ ነው። በ1977 የተቀረጸው የመጀመሪያው ሥራ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲታጠብ ተበላሸ፤ ዳይሬክተሩና የካሜራ ባለሙያው ጌኦርጊ ሬርበርግ ተጣልተው ተለያዩ፤ በ1978 ታርኮቭስኪ ራሱ የልብ ሕመም አደጋ ደረሰበት። ይሁን እንጂ ፊልሙ ባለ ሁለት ክፍል እንዲሆን ተፈቅዶ ተጨማሪ በጀት ተገኘለትና ከሌላ የካሜራ ባለሙያ ጋር በኢስቶኒያ፣ ከታሊን ብዙም በማይርቁ የተተዉ የኃይል ማመንጫ ሕንፃዎች እንደገና ተቀረጸ። በነገራችን ላይ «ስታልከር» የቼርኖቢልን የኑክሌር አደጋ ተነበየ የሚለው ወሬ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፊልሙ ከአደጋው ሰባት ዓመት ይቀድማል፤ መነሻው የሆነው የስትሩጋትስኪ ወንድማማቾች ልብ ወለድም በ1972 የወጣ ነው። ተመሳሳይነቱን የፈጠሩት በኋላ የመጡት ሰዎች ናቸው።

ይህ ደጋፊ መንግሥት ግን አናቂም ነበር። እያንዳንዱ ፊልም ከጽሑፉ ጀምሮ በስቱዲዮው ምክር ቤት፣ ከዚያም ጎስኪኖ በተባለው የመንግሥት የሲኒማ ኮሚቴ መጽደቅ ነበረበት። ሲጠናቀቅም ደረጃ ይሰጠዋል፤ ደረጃው የዳይሬክተሩን ክፍያና ለሲኒማ ቤቶች የሚታተመውን የኮፒ ብዛት ይወስናል። እንግዲህ ዋናው መሣሪያ ፊልም ማቃጠል ሳይሆን ማዘግየት፣ ማስተካከያ መጠየቅና ጥቂት ኮፒ ማተም ነበር። «አንድሬይ ሩብሊዮቭ» በ1966 ተጠናቆ ጭካኔው በዝቷል፣ ታሪክ ተዛብቷል፣ ረዝሟል እየተባለ ለአገሩ ሕዝብ የታየው በ1971 መጨረሻ ነው፤ በ1969 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ከውድድር ውጭ ታይቶ የዓለም አቀፍ ተቺዎችን ሽልማት ካገኘ ከሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለ«ሶላሪስ» በቀረበው የማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ የእግዚአብሔር ሐሳብ ይውጣ የሚል ይገኝበታል፤ ዳይሬክተሩ በማስታወሻ ደብተሩ መዝግቦታል። «መስታወት» ዝቅ ያለ ደረጃ ተሰጥቶት በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ብቻ ታየ። ታርኮቭስኪ ራሱን የፖለቲካ ተቃዋሚ ብሎ አልጠራም፤ እምነትን፣ ሕሊናንና የሰውን ውስጣዊ ሕይወት ያለ ኦፊሴላዊው ቋንቋ መናገሩ ብቻ በቂ ሆኖ ነው የተገኘበት። በአገሩ ሃያ ዓመት ያህል ሠርቶ አምስት ረጅም ፊልም ብቻ መሥራት መቻሉ የደረሰበትን ጉዳት ይመሰክራል።

ስደቱም በአንድ ሌሊት የሆነ ሽሽት አይደለም። በ1982 «ናፍቆት»ን ለመሥራት በሕጋዊ መንገድ ወደ ጣሊያን ሄደ፤ ፊልሙ በሚቀጥለው ዓመት በካን ተሸለመ። ታርኮቭስኪ ግን ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው የአገሩ ዳይሬክተር ሰርጌይ ቦንዳርቹክ ዋናውን ሽልማት እንዳያገኝ ሠርቶብኛል ብሎ አመነ። በውጭ አገር ለመቆየት ደጋግሞ ፈቃድ ጠይቆ መልስ ሲያጣ፣ በሐምሌ 1984 ሚላኖ ላይ ለጋዜጠኞች እንደማይመለስ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ነው ፊልሞቹ ከሶቪየት ሲኒማ ቤቶች የተነሡትና ስሙ ከጋዜጣ የጠፋው። የከፈለው ዋጋ ግን ከዚህ የከፋ ነበር፤ ትንሹ ልጁና የሚስቱ እናት ሞስኮ ቀሩ። ልጁ እንዲወጣ የተፈቀደለት በጥር 1986፣ አባትየው በማይድን ሕመም ከተያዘ በኋላ ነው። «መሥዋዕት» በካን ሲሸለም ታርኮቭስኪ መገኘት ስላልቻለ ሽልማቱን የተቀበለው ይኸው ልጅ ነው።

ታርኮቭስኪ በታኅሣሥ 1986 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ ዕድሜው 54 ነበር። ኬጂቢ አስገደለው የሚለው ወሬ ምንም ማስረጃ ስለሌለው ይተዉት። ሁለተኛው መላምት፣ «ስታልከር» ሲቀረጽ ከላይ ካለ የኬሚካል ፋብሪካ በሚወርድ ውሃ አጠገብ በመክረማቸው ታመሙ የሚለው፣ በፊልሙ የድምፅ ባለሙያ የተነገረ ስለሆነ በንቀት የሚታለፍ አይደለም፤ በፊልሙ «ደራሲው» የተባለውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው አናቶሊ ሶሎኒትሲን በ1982፣ የዳይሬክተሩ ባለቤት ላሪሳም በ1998 በካንሰር ሞተዋል። ነገር ግን ሦስት ሞት በአንድ ቦታ ስለተገናኘ ብቻ ምክንያቱ ተረጋገጠ አይባልም፤ ታርኮቭስኪ አጫሽ እንደነበርም አይዘንጋ። ሊሆን ይችላል ከሚለው በላይ ማንም ሊናገር አይችልም።

ከየትኛው ይጀመር ለሚለው መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፤ ሁለቱን የመጀመሪያ ፊልሞች ሳያዩ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ «ስታልከር» አይመለሱ። በ1962 በተሠራው «የኢቫን ልጅነት» ይጀምሩ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ በጦርነት ቤተ ሰቡን ያጣ ሕፃን ሰላይ ግልጽ ታሪክ አለው፤ ከዚያ ታሪክ መሀል የሚመጡት የልጁ ሕልሞች ደግሞ የኋለኞቹን ፊልሞች ዓይን ያስተዋውቁዎታል። ፊልሙ ሌላ ዳይሬክተር ጀምሮት የተበላሸ ሥራ ነበር፤ ታርኮቭስኪ ተረክቦ የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልን ዋና ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳውን አገኘበት።

ቀጥሎ «አንድሬይ ሩብሊዮቭ»ን ይዩ፤ አንድ ብቻ የማየት ዕድል ያለው ሰውም ይህን ይምረጥ። ከሦስት ሰዓት በላይ ቢሆንም በምዕራፎች የተከፈለ ስለሆነ በሁለት ምሽት ከፍሎ ማየት አይጎዳውም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለኖረው መነኩሴ ሠዓሊ ነው፤ ሆኖም ሲሥል አናየውም። በመጨረሻው ታላቅ ምዕራፍ ቦሪስካ የተባለ ጎረምሳ፣ አባቴ ሲሞት የደወል ማቅለጥ ምሥጢር ነግሮኛል ብሎ የልዑሉን ሥራ ይቀበላል። ሸክላውን ፍለጋ በዝናብ ይንከራተታል፤ አዋቂዎችን ያዛል፤ ብር ይጠይቃል፤ ደወሉ ባይጮህ ራሱ እንደሚቀላ ያውቃል። ደወሉ ይጮሃል። ልጁ ጭቃ ላይ ተደፍቶ እያለቀሰ አባቴ ምንም አልነገረኝም ሲል የሚያቅፈው፣ ሰው ገድሎ በንስሐ ለዓመታት አፉን ዘግቶ የኖረው ሩብሊዮቭ ነው፤ ዝምታውንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰብረው ለእርሱ ነው። ከዚህ በኋላ ጥቁርና ነጩ ፊልም በቀለም የሠዓሊውን ሥዕሎች ያሳያል። ኢትዮጵያዊ ተመልካች እዚህ ጋ ከሌላው የሚጠቀምበት ነገር አለ፤ እኛ ሥላሴን በሦስት እኩል አረጋውያን አምሳል በአራቱ እንስሳት መካከል ስናይ ያደግን፣ ሩብሊዮቭ ግን በአብርሃም ማዕድ የተቀመጡ ሦስት መላእክት አድርጎ ሥሏቸዋል፤ ያንን ልዩነት ይዞ ሥዕሉን ማየት ብዙ ያስተምራል።

ማስጠንቀቂያም አለው። ግድያና ሥቃይ ስላለበት ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም፤ ከደረጃ የሚወድቀው ፈረስ እውነተኛ ነው፤ ከቄራ የመጣ ቢሆንም ትዕይንቱ ብዙዎችን የሚያሳዝን ነው፣ እኔም ተገቢ ነው ብዬ አልከራከርለትም። ፊልሙ 205 ደቂቃና ከ180 ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ርዝመት በሁለት ቅጂ ይገኛል፤ አጭሩን ሳንሱር የቆረጠው ነው ብለው አይራቁት፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ያጸደቀው እርሱን ነው። ሞስፊልም የአገር ውስጥ ፊልሞቹን በዩቲዩብ ገጹ በነፃ ስለሚያቀርብ ጥራቱ የወረደ ኮፒ መፈለግ አያስፈልግም።

ከዚያ «መስታወት»፣ ቀጥሎም «ስታልከር» ይምጣ። «መስታወት»ን ሲያዩ የፊልሙን ዘመን ለመለየት አይድከሙ፤ አንዲት ተዋናይት፣ ማርጋሪታ ቴሬኾቫ፣ የተራኪውን እናትም ሚስትም ሆና እንደምትጫወት ካወቁ ይበቃል። የሳይንስ ልብ ወለድ የሚወዱ ከሆነ «ሶላሪስ»ን በመካከል ማስገባት ይችላሉ፤ ሆኖም የመጽሐፉ ደራሲ ስታኒስዋፍ ሌም በፊልሙ አልተደሰተም፤ መጽሐፉ ስለማይታወቀው ዓለም ሲጠይቅ ፊልሙ ስለ ጸጸትና ስለ ቤት ይጠይቃልና፣ መጽሐፉን ጠብቀው አይቅረቡት።

በስደት የተሠሩትን ሁለቱን በመጨረሻ ያስቀምጡ። በ«ናፍቆት» አንድ ሰው የበራ ሻማ ይዞ ውሃው የደረቀ ገንዳ ለማቋረጥ ሲሞክር፣ ሻማው ሲጠፋበት እንደገና ሲመለስ፣ ካሜራው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ ይከተለዋል፤ የቀደሙትን ያላየ ሰው ይህን አይታገሠውም። «መሥዋዕት» ደግሞ በስዊድን ጎትላንድ ደሴት የተሠራ፣ ንግግር የበዛበት ፊልም ነው፤ የሚቃጠለው ቤት ሲቀረጽ ካሜራ ተበላሽቶ ቤቱ ዳግም ተሠርቶ ዳግም ተቃጥሏል። የታርኮቭስኪ ድክመት፣ ማለትም ሴቶችን እናት ወይም ታጋሽ ሚስት አድርጎ ብቻ የማየት ልማዱና ገጸ ባሕርያቱን ስብከት የማናገር ዝንባሌው፣ ጎልቶ የሚወጣውም እዚህ ነው። በዚህ ፊልም የሚጀምር ሰው ታርኮቭስኪን ሰባኪ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ትክክል አይሆንም፤ ስለዚህ ሌሎቹን ስድስቱን አይተው ሲጨርሱ ብቻ ይክፈቱት።